ቡችላው ሲያስቀምጠው ቤተሰቡ ምን ያድርግ?

በዚህ አምድ አብዛኛውን ጊዜ የምንጨዋወተው ስለ ትዳርና ስለ ልጆች አስተዳደግ ነው። ዛሬ ግን ደጃፋችን ላይ ስለሚተኛው፣ ሲጮኽ ብቻ ስለምናስታውሰው ስለ ቡችላ ላጫውታችሁ ነው። «ደግሞ ስለ ውሻ ምን ይወራል?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ቢሆንም ጥቂት ታገሡኝ። የቡችላው ሆድ ነገር ከበጎቻችን፣ ከልጆቻችን ጤና፣ አልፎም ከባልና ሚስት መግባባት ጋር የተያያዘ መሆኑን አብረን እናያለን።

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ውሻ ለጌጥ አይያዝም። መንዝ በበጉ የታወቀ አገር ነው። ገብሱን ውርጭ ወይም በረዶ በመታው ዓመት ቤተሰቡን የሚያወጣው በግ ነው፤ የልጆች ደብተርና ጫማም ከበግ ይገዛል። ከጸጉሩም ብርዱን የምንችልበት ባና ይሠራል። ታዲያ ሌሊት ጅብ ሲመጣ፣ ቀን ቀበሮ ግልገል ላይ ሲያደባ፣ ሌባም በረት ሲያንዣብብ ቀድሞ ድምፁን የሚያሰማው ውሻ ነው። ጎረቤት ቡችላ ሲሰጠን ስጦታው ዘበኛ ነው ማለት ነው። ዘበኛው ግን ገና ሁለት ወር ሳይሞላው ያስቀምጠውና በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ተዝለፍልፎ ይሞታል። ይህ በብዙ ቤት የሚደርስ ነገር ነው። ሰውም «ዕድሉ ነው» ይልና ሌላ ቡችላ ይፈልጋል። ሌላውም እዚያው ጥግ ተኝቶ በዚያው ሕመም ይሄዳል።

ሁለት ዓይነት ሐሳብ በአንድ ቤት

ቡችላ ሲታመም ባልና ሚስት ብዙ ጊዜ አይስማሙም። አንዱ «ተይው፣ ውሻ ነው፤ ራሱ ይሻለዋል» ይላል። ሌላው ደግሞ ከማዘን ብዛት ያገኘውን ሁሉ ያጎርሰዋል፤ ወተት፣ ቅቤ፣ ከሰው የተረፈ ኪኒን ሳይቀር። ልጆቹ መሐል ቆመው ያለቅሳሉ። ባል «ለውሻ ገንዘብ አላወጣም» ሲል ሚስት «ልጁ እኮ እንቅልፍ አጣ» ትላለች።

ሁለቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው። ቀለል ያለ ተቅማጥ በአንድ ቀን ሊያልፍ ይችላል፤ ስለዚህ መደናገጥ አያስፈልግም። ነገር ግን ቡችላ ትልቅ ውሻ አይደለም። ሰውነቱ የያዘው ውኃና ስኳር ጥቂት ስለሆነ፣ ትልቁ ውሻ ሦስት ቀን የሚችለውን እርሱ ግማሽ ቀን ላይችለው ይችላል። ስለዚህ ጥሩው ነገር ቀላሉን ከከባዱ መለየት፣ በቤት የሚቻለውን ወዲያው ማድረግ፣ የማይቻለውን ደግሞ ሳይዘገዩ ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ነው።

ለምን ያስቀምጠዋል?

የመጀመሪያው ምክንያት ከእናቱ ቶሎ መለየቱ ነው። ቡችላ ቢቻል እስከ ስምንት ሳምንት ከእናቱ ጋር ቢቆይ ይመረጣል። በአገራችን ግን ዓይኑ እንደተገለጠና መራመድ እንደጀመረ በአራት ሳምንቱ የሚወሰድ ብዙ ነው። አዲስ ቤት፣ አዲስ ምግብ፣ ብርድና ናፍቆት ሲደራረቡበት ሆዱ ይበጠበጣል።

ሁለተኛው የምግብ ለውጥ ነው። በተለይ የላም ወተት። ብዙዎቻችን «ሕፃን ስለሆነ ወተት ይስማማዋል» ብለን እናስባለን። የላም ወተት ውስጥ ያለውን ስኳር ጡት የተወ ቡችላ በሚገባ መፍጨት ስለማይችል ያስቀምጠዋል። የበዓል ሥጋ ጮማና አጥንት፣ ቅቤ የበዛበት ወጥ፣ ከቆሻሻ መጣያ የለቀመው የበሰበሰ ነገርም እንዲሁ ያደርገዋል።

ሦስተኛው ትል ነው። ወስፋት ወደ ቡችላው የሚተላለፈው ገና በእናቱ ማኅፀን ሳለ ነው፤ ቀጥሎም ከጡቷ ወተት ጋር ይገባል። ስለዚህ «ትል ከየት ያገኘዋል? ገና ምንም አልበላም» አንበል። ሆዱ እንደ ከበሮ የተነፋ፣ ጎኑ ግን የከሳ፣ ጸጉሩ የደበዘዘ ቡችላ ካያችሁ ወስፋት መጠርጠር ነው። አንዳንዴ እንደ ፓስታ ያለ ነጭ ትል ከዓይነ ምድሩ ወይም ከትውከቱ ጋር ይወጣል።

አራተኛው በዓይን የማይታዩ ጀርሞች ናቸው። ከእነዚህ መካከል እጅግ አስፈሪው ፓርቮ የተባለው ቫይረስ ነው፤ ስለ እርሱ በኋላ እመለሳለሁ። የአይጥ መርዝና ሌላ መርዝ መብላትም ድንገተኛ ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል።

ከሁሉ በፊት ፈሳሽ

ቡችላን ብዙ ጊዜ የሚገድለው ተቅማጡ ራሱ ሳይሆን የውኃው ማለቅ ነው። ለልጆቻችን ከጤና ጣቢያ የሚሰጠን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ ማለትም ኦ.አር.ኤስ፣ በመጠኑ ከተሰጠ ለቡችላም ይሆናል። ፓኬቱ ላይ በተጻፈው የውኃ ልክ በጥብጡት። ከሌለ ደግሞ አንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ ስድስት ልክ ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምራችሁ በደንብ አማስሉ። ጨው በማብዛት አትሳሳቱ፤ የበዛ ጨው ይጎዳዋል። የተበጠበጠው ከአንድ ቀን በላይ ካደረ ይደፋና አዲስ ይዘጋጅ።

አሰጣጡ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። በየ10 ወይም በየ15 ደቂቃው አንድ ሁለት የሻይ ማንኪያ ብቻ ስጡት። አንድ ኩባያ በአንድ ጊዜ ቢጠጣ መልሶ ያስታውከዋል። ራሱ የማይልስ ከሆነ መርፌው በወለቀ ንጹሕ ሲሪንጅ ከጉንጩ በኩል በቀስታ ጠብ ጠብ አድርጉለት። አንገቱን ወደ ላይ ቀንታችሁ አታንቆርቁሩበት፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ራሱን ስቶ የተኛን ቡችላ ደግሞ ጨርሶ በአፉ ምንም አትስጡት።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ቡችላው ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ ያቃተው፣ ድምፁ የተለወጠ፣ ያለ ምክንያት የሚናከስ ከሆነ እጃችሁን ወደ አፉ አታስገቡ። ይህ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ቡችላም ይይዘዋል። ልጆችን አርቁና ለእንስሳት ሐኪም አሳውቁ። የነከሰው ወይም ለሃጩ ቁስል ላይ የነካው ሰው ካለ ቦታውን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠብና በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ይህ በሽታ ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ ማዳኛ የለውም። በጊዜ የተሰጠ ክትባት ግን ያድናል።

ውኃው ማለቁን እንዴት እናውቃለን? የትከሻውን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርጋችሁ ልቀቁት። ወዲያው ወደ ቦታው ከተመለሰ ደኅና ነው። ቆሞ ከቆየ ውኃው ጎድሏል። ድዱንም በጣት ጫን አድርጉና ልቀቁ። በጤናው ጊዜ ድዱ ርጥብና ሮዝ ነው፤ ሲጫኑት የነጣውም ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ይቀላል። የደረቀና የሚያጣብቅ ድድ፣ የነጣ ድድ፣ የጎደጎደ ዓይን የአደጋ ምልክት ነው።

ምን ይብላ? ምንስ አይብላ?

«ሆዱ እስኪያርፍ አይብላ» የሚለው ምክር ለትልቅ ውሻ ይሠራ ይሆናል። ቡችላን ግን ቀኑን ሙሉ አታስርቡት። ስኳሩ ወርዶ መንቀጥቀጥና መዝለፍለፍ ይጀምራል። እንዲህ ሲሆን ካያችሁት ጥቂት ማር ወይም ስኳር በውኃ በጣታችሁ ድዱ ላይ ቀቡለትና በፍጥነት ወደ ሐኪም ውሰዱት።

ትውከት ከሌለው ጥቂት ሰዓት ሆዱን አሳርፋችሁ ቀለል ያለ ምግብ ጀምሩለት። በጣም የበሰለ ሩዝ ሁለት እጅ፣ አጥንትና ስብ የሌለው የተቀቀለ የዶሮ ወይም የበግ ቀይ ሥጋ አንድ እጅ አድርጋችሁ ፍጩለት። ሩዝ ከሌለ የተቀቀለ ድንች ወይም ቅቤና በርበሬ ያልነካው ለስላሳ የገብስ ገንፎ ይሆናል። ሥጋ በማይገኝበት ወቅት የተቀቀለ እንቁላል ይተካዋል። በቀን አራት አምስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱም ጊዜ ጥቂት ጥቂት ስጡት። ዓይነ ምድሩ ከጠጠረ በኋላ ሁለት ቀን በዚሁ ቆዩ። ከዚያ የተለመደ ምግቡን በሦስት አራት ቀን ውስጥ ቀስ በቀስ ቀላቅሉ።

አሁን ደግሞ የማይሰጡትን እንይ፦

ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፦ ለእኛ መድኃኒትም ማጣፈጫም ናቸው፤ የውሻን ቀይ የደም ሴል ግን ያፈርሳሉ። ስለዚህ ሽሮም ሆነ ቀይ ወጥ የታመመ ቡችላ ምግብ አይደለም።

ፌጦ፣ አረቄና ኮሶ፦ «ለሰው ከሠራ ለውሻ ምን ይለዋል?» የሚሉ አሉ። ኮሶ ትልቅ ሰውን እንኳ የሚያንገላታ ብርቱ መድኃኒት ነው፤ በአንድ ኪሎ ቡችላ ላይ ምን ሊያደርግ እንደሚችል አስቡት። ለቡችላ የሚሆን የታወቀ ልክ የለውም።

የሰው ኪኒን፦ ፓራሲታሞል፣ ኢቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክ ውሻን ይመርዛሉ። ተቅማጥ የሚያስቆም ኪኒንም ቢሆን ሐኪም ሳያዝ አይሰጥም፤ ጀርሙን ሆዱ ውስጥ አፍኖ ሊያስቀረው ይችላል። ከሰው ተርፎ መደርደሪያ ላይ ያለ አንቲባዮቲክም እንዲሁ አይነካ።

አጥንት፦ በተለይ የዶሮ አጥንት ሲሰበር ስለሚሾል አንጀት ይወጋል።

ሙቀት ግማሽ መድኃኒት ነው

የእኛ ደጋ ከሌላው አገር ይለያል። ብዙው የመንዝ መሬት ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3000 ሜትርና ከዚያም በላይ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ጤነኛ ውሻ ይችለዋል። ያስቀመጠው ቡችላ ግን ሰውነቱ ከቀዘቀዘ ሆዱ ምግብ መፍጨቱን ያቆማል፤ የምትሰጡትም ፈሳሽ አይጠቅመውም። ስለዚህ ነፋስ ከማይገባበት ጥግ፣ ደረቅ ጭድ ላይ፣ አሮጌ አጎዛ ወይም የባና ቁራጭ አንጥፉለት። በፕላስቲክ ጠርሙስ ሙቅ ውኃ ሞልታችሁ በጨርቅ ጠቅልሉና አጠገቡ አድርጉ። እሳት ዳር ግን አታስጠጉት፤ ድካሙ ስለሚያንቀላፋው ሊቃጠል ይችላል። ከኋላው የቆሸሸውንም በለብታ ውኃ አጥባችሁ አድርቁት።

ወደ ጀማና ወንጪት ሸለቆ ወረድ ባለው የመርሐቤቴ ቆላ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ሙቀቱ ራሱ ውኃውን ይጨርሰዋል፤ ጥላና ፈሳሽ ይብዛለት። ቁንጫና መዥገርም ይታይ። ቁንጫ ደም ከመምጠጡ ሌላ አንድ ዓይነት የኮሶ ትል ያስተላልፋል፤ ውሻው ራሱን ሲያክክ ቁንጫውን ሲውጥ ትሉም ይገባል።

ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ምልክቶች

ከሚከተሉት አንዱን እንኳ ካያችሁ «ነገ እናየዋለን» አትበሉ፦

ደም የተቀላቀለበት ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ዓይነ ምድር፤ ደጋግሞ ማስታወክና ውኃ እንኳ አለመያዝ፤ መነሣት እስኪያቅተው መድከም፤ የነጣ ድድ ወይም የጎደጎደ ዓይን፤ ሆዱ ተነፍቶ ሲነኩት ማልቀስ፤ መርዝ የመብላት ጥርጣሬ፤ ተቅማጡ ከአንድ ቀን ማለፉ። ዕድሜው ከስምንት ሳምንት በታች ከሆነ ደግሞ አንድ ቀን መጠበቅም ብዙ ነው።

መሐል ሜዳ፣ ሞላሌ፣ ራቤል ወይም ዓለም ከተማ የሚገኝ የእንስሳት ክሊኒክ ለመድረስ የሰዓታት የእግር መንገድ ያለበት ቤተሰብ ብዙ መሆኑን አልዘነጋሁም። ስለዚህ ለመንገዱ ተዘጋጁ። ቡችላውን በቅርጫት ውስጥ በጨርቅ ሸፍናችሁ ያዙ፤ የተበጠበጠውን ፈሳሽ በጠርሙስ ይዛችሁ በየመንገዱ አቅምሱት። ከዓይነ ምድሩም ጥቂት በፕላስቲክ ቋጥራችሁ ውሰዱ። ዕድሜው ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደጀመረው፣ ምን እንደበላ፣ የትል መድኃኒት ወይም ክትባት ወስዶ እንደሆነ ለመናገር ተዘጋጁ። ሐኪሙ ግማሹን ሥራ የሚሠራው በዚህ መልስ ነው።

ፓርቮ ምንድን ነው?

ይህ ቫይረስ በዓለም ላይ የታወቀው በ1978 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ በሁለት ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ዓለምን አዳረሰ። የሚያጠቃው በተለይ ከስድስት ሳምንት እስከ ስድስት ወር ያሉ ቡችሎችን ነው። መጀመሪያ ዝም ይላሉ፣ ምግብ ይተዋሉ፤ ቀጥሎ ያስታውካሉ፤ ከዚያ ሽታው የሚሰነፍጥ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይመጣል። ቫይረሱን በቀጥታ የሚገድል መድኃኒት በየክሊኒኩ የለም። ሕክምናው በደም ሥር ፈሳሽ መስጠት፣ ትውከቱን ማስታገሥና ሌላ ጀርም እንዳይደርብ መከላከል ነው። ይህን ሳያገኙ የቀሩት አብዛኞቹ ይሞታሉ፤ በጊዜ የታከሙት ግን ብዙዎቹ ይድናሉ።

ከላይ «ሌላውም እዚያው ጥግ ተኝቶ በዚያው ሕመም ይሄዳል» ያልኩት በዚህ ምክንያት ነው። ቫይረሱ ከታመመው ቡችላ ዓይነ ምድር ወጥቶ በአፈርና በወለል ላይ ለወራት፣ ጥላ ባለበትና በቀዝቃዛ ቦታ እስከ ዓመት ድረስ መቆየት ይችላል። ተራ ሳሙና አይገድለውም። በረኪና ግን ይገድለዋል፤ አንድ እጅ በረኪና በሠላሳ እጅ ውኃ ቀላቅላችሁ፣ መጀመሪያ የጸዳውን ዕቃና ወለል አርሱና 10 ደቂቃ አቆዩት። የሞተው ቡችላ የተኛበት ጭድና ጨርቅ ይቃጠል። አዲስ ቡችላ ሳይከተብ ወደዚያ ቦታ አይምጣ።

ክትባቱ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ዕድሜ ተጀምሮ፣ በየሁለት እስከ አራት ሳምንቱ እየተደገመ ቢያንስ 16 ሳምንት እስኪሞላው ይሰጣል። በየወረዳው ሁልጊዜ ላይገኝ ይችላል፤ ወደ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሲኖር አስቀድሞ መጠየቅ ብልኅነት ነው።

የበግ ጭንቅላትና አዙሪት

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ መጣን። መንዝ ላይ አዙሪት የማያውቅ በግ አርቢ የለም። በጉ አንገቱን ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ ይዞራል፣ ዓይኑ ይጠፋል፣ ከመንጋው ይለያል፣ በመጨረሻም ይሞታል ወይም ይታረዳል። ብዙ ሰው ምክንያቱን ከሌላ ነገር ጋር ያያይዘዋል። እውነቱ ግን በጉ አንጎል ውስጥ ውኃ የቋጠረ ከረጢት አለ፤ ይህም የውሻ የኮሶ ትል ልጅ ነው።

ዑደቱ እንዲህ ነው። የታመመው በግ ሲታረድ ጭንቅላቱ ለውሻ ይጣላል። ውሻው ከረጢቱን ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉም ከዓይነ ምድሩ ጋር ሣሩ ላይ ይበተናል። ሌላ በግ ሣሩን ሲግጥ እንቁላሉ ይገባዋል፤ እንደገና አዙሪት። በጉበትና በሳንባ ላይ የምናየው ውኃ የቋጠረ ዕንቁላል መሳይ ነገርም ከሌላ ትንሽ የውሻ ኮሶ ትል የሚመጣ ነው። ይኸኛው ደግሞ ሰውንም ይይዛል። በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ ለዓመታት ቀስ እያለ ያድግና ቀዶ ሕክምና እስከሚያስፈልግ ይደርሳል።

እንግዲህ በገና፣ በፋሲካና በመስቀል በየቤቱ በግ ሲታረድ ልጆች ሳንባውንና ጉበቱን ለቡችላው ሲወረውሩለት ሦስት ነገር ይሆናል። ቡችላው ያስቀምጠዋል፤ ትል ይይዛል፤ ከዚያ ለበጎችና ለልጆች ያስተላልፋል። መፍትሔው ውድ አይደለም። ከረጢት ያለበትን የሆድ ዕቃና የአዙሪት በግ ጭንቅላት ውሻ በማይቆፍረው ጥልቀት ቅበሩ ወይም አቃጥሉ። ለውሻው የሚሰጠውን ደግሞ ቀቅሉ። በእኛ ከፍታ ውኃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ሥጋ ለመብሰል ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ በትንንሹ ቆራርጣችሁ አንድ ሰዓት ያህል ይንተክተክ።

የትል መድኃኒት ሁለት ዓይነት መሆኑንም ልብ በሉ። ለወስፋት የሚሰጠው የኮሶ ትልን ላይነካ ይችላል። ለኮሶ ትል ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለ። የወስፋቱ መድኃኒት በሁለት ሳምንት ዕድሜው ተጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ እስከ ሦስት ወር፣ ከዚያም በየወሩ እስከ ስድስት ወር ይሰጣል። እናቲቱም አብራ ትውሰድ። ልኩ በክብደት ስለሆነ በግምት ከበግ ኪኒን ቆርሶ መስጠት አይገባም፤ ሐኪሙ መዝኖ ይስጥ።

ልጆችና ቡችላ

ቡችላ የታቀፈ ልጅ ማየት ደስ ይላል። ልጆችን እንዳይነኩት መከልከል አያስፈልግም፤ ሥርዓት ማስያዝ ግን ያስፈልጋል። የወስፋቱ እንቁላል ወደ ልጅ ሆድ ከገባ በጉበትና በሳንባ ውስጥ ይንከራተታል፤ አንዳንዴም ዓይን ውስጥ ገብቶ ማየትን ይጎዳል። ደግነቱ፣ አዲስ የወጣ ዓይነ ምድር ውስጥ ያለው የወስፋት እንቁላል ወዲያው አይጎዳም፤ ለመብሰል ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ አፈር ላይ መቆየት አለበት። ስለዚህ በየቀኑ በአካፋ እየሰበሰባችሁ ከቀበራችሁ አብዛኛውን አደጋ ታስቀራላችሁ። የኮሶ ትል እንቁላል ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስለሚያስይዝ በእጅ አይነካ። ጎመንና ሰላጣ ከተተከለበት ጓሮ ውሻው ይራቅ፤ ቅጠሉም በደንብ ይታጠብ። ቡችላው ፊት እንዳይልስ፣ ከሰው ሳሕን እንዳይበላ፣ ከእረኛው ልጅ ጋር በአንድ ጋቢ እንዳይተኛ ይሁን። ከነኩት በኋላ እጅ በሳሙና መታጠብ የቤቱ ሕግ ይሁን።

የጓሳው ጎረቤታችን

መንዝ ላይ ከቡችላችን ጋር የሥጋ ዘመድ የሆነ ሌላ ፍጥረት አለ። ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍታ ባለው የጓሳ ምድር፣ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአካባቢው ሕዝብ በራሱ ሥርዓት ሲጠብቀው በኖረው ሣር መካከል፣ ቀይ ቀበሮ ይኖራል። ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም አገር የለም፤ በአገራችን ሁሉ የቀሩትም አዋቂዎቹ ከ500 ያነሱ ናቸው። ከትልልቅ ጠላቶቹ አንዱ ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። በባሌ ተራሮች በ2003 የእብድ ውሻ በሽታ፣ በ2010 ደግሞ ዲስተምፐር የተባለው የውሾች በሽታ ብዙ ቀበሮዎችን ፈጅቷል፤ ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ዲስተምፐር በቡችላ ላይ ሲጀምር ትኩሳት፣ የዓይንና የአፍንጫ ፈሳሽ፣ ሳል፣ ተቅማጥ ያሳያል፤ በኋላ መንቀጥቀጥ ያስከትላል። ስለዚህ በጓሳ ዙሪያ የምትኖሩ ወገኖች፣ የታመመ ቡችላችሁን ከመንጋው ጋር ወደ ጓሳ አታሰማሩ። የውሻ ክትባት ዘመቻ ሲመጣም «ጊዜ የለኝም» አትበሉ። የእብድ ውሻ ክትባት ሦስት ወር ገደማ ሲሞላው ይጀመራል።

ባልና ሚስት እንዲህ ቢካፈሉትስ?

ለመደምደሚያ አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ቡችላ ከመምጣቱ በፊት ባልና ሚስት ቁጭ ብላችሁ አራት ነገር ተስማሙ። አንደኛ፣ ከስምንት ሳምንቱ በፊት ላታመጡት። ሁለተኛ፣ ለትል መድኃኒትና ለክትባት የሚሆን ገንዘብ ከበግ ሽያጭ ላይ አስቀድማችሁ ልትለዩ። ሦስተኛ፣ ቢታመም ማን ፈሳሹን እንደሚያጠጣ፣ ማን ወደ ክሊኒክ እንደሚወስድ ልትወስኑ። ውኃ መቅዳቱም ምግብ ማብሰሉም በእህታችን ላይ ነው፤ ቢያንስ መንገዱን ወንድማችን ይያዝላት። አራተኛ፣ በዓል ሲሆን የሆድ ዕቃውን ማን እንደሚቀብር ልትነጋገሩ። ይህኛው ብዙውን ጊዜ ለትንሹ ልጅ የሚተው ሥራ ነው፤ ልጁም ለውሻው ይወረውረዋል። አባወራው ራሱ ቢቆፍር ይመረጣል።

ለቡችላ የሚወጣው ገንዘብ ከአንድ በግ ዋጋ ያነሰ ነው። አዙሪት የሚወስደው ግን አንድ በግ ብቻ አይደለም። ከሁሉም በላይ፣ በአደራ የተሰጠንን ትንሽ ፍጥረት እንዴት እንደምንይዝ ልጆቻችን ያያሉ። ለሚጮኽ ቡችላ ሌሊት ተነሥቶ ፈሳሽ የሚሰጥ አባት ያየ ልጅ፣ ነገ ለታመመ ወንድሙም ለመነሣት አይከብደውም።